የጓድ ፈለቀ ግራ ጉንጭ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አቶ ፈለቀ ደሴ ከተማ ውስጥ ተቀበረ። ዕድሜው ሰማንያን አልፎ ነበር። የሞተው በእርጅና ነው፤ ሌላ ምክንያት አልሰማሁም።

ቀብሩ ላይ የተገኘሁት የአንድ ዕድር አባላት ስለነበርን ነው። ዕድር የሚወዱትንም የማይወዱትንም ያስቀብራል። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው አንቱ እያለ ነው ያነበበው፤ እኔ በዚያን ዘመን እንደማውቀው እሱ እላለሁ። ከተነበበው ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። «በመካነ ሰላምና አካባቢው አርሶ አደሩ የታከመ ዘር እንዲጠቀም በማድረግ ረገድ ፋና ወጊ ነበሩ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በዘጋቢነት ስለኖርኩ ውሸት ብዙ ሰምቻለሁ። ይህኛው የከፋብኝ ጥቂት እውነት ስላለበት ነው።

ከመቃብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የታሰረበት ፎቶ ቆሟል። ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቷል፤ አፉ ግጥም ብሏል፤ ግራ ጉንጩ የዶሮ እንቁላል የጎረሰ ይመስል አብጧል። የመጨረሻ ልጁ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ስታልፍ አጠገቤ ቆመች።

«እትየ፣ አባዬን በወጣትነቱ ያውቁት ነበር አሉኝ።»

«አውቀው ነበር።»

«ይህን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነው የኖረው። በጣም ይወደው ነበር። ግን ጉንጩ ምን ሆኖ ነው? ጥርሱን ታሞ ነበር እንዴ?»

ሌላ ለቀስተኛ ጠራትና መልሴን ሳትሰማ ሄደች። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው የሰባ ሰባቱ ረሃብ ካለፈ በኋላ ነው። ዝናቡ ተመልሶ ነበር፤ ሰው ግን ገና አላመነውም። በዚያን ሰሞን የወሎ ደጋ ገበሬ ሰማዩን የሚያየው፣ አንድ ጊዜ ዋሽቶ የተያዘን ሰው በሚያይበት ዓይን ነበር። እኔ ደሴ ላይ ሥራ የጀመርኩ አዲስ ዘጋቢ ነበርኩ። ሰኔ ሊገባ ሲል አለቃዬ ጠራኝና «መካነ ሰላም የዘር ማከም ዘመቻ አለ። ከላይ ሰው ይመጣል። ፎቶ አንሺ፣ ጻፊ፣ ተመለሺ» አለኝ። ዘሩ በምን እንደሚታከም ጠየቅሁት። «ሄደሽ ታይዋለሽ» አለ። በኋላ እንደገባኝ እሱም አያውቅም ነበር።

ጨው በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ሄድኩ። ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መስተዋቱን ሸፍኖት ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። አቀስታ ላይ ሻይ በደረቅ ዳቦ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ፣ መንገድ የተባለው ሌላ ስም ስላልተገኘለት ነው። ሹፌሩ ከኪሱ የገብስ ቆሎ እየዘገነ በየጊዜው ያካፍለኝ ነበር፤ መጀመሪያ ከመዳፉ ጥቂት ፍሬ ወደ አፉ ይጥልና የቀረውን ይሰጠኛል። «ቃሚ» ይለኛል። «ይህ መንገድ የሚያልቀው በጥርስ ነው።»

ስለ ዘር ማከም ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልበል። ገብስና ስንዴን የሚያጠቃ አረማሞ የሚባል በሽታ አለ። ዛላው ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ቀርበው ሲይዙት ግን ፍሬው የለም፣ እጅ ላይ የሚቀረው ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ነው። በሽታው ከዘሩ ጋር ተጣብቆ ይከርማል። ስለዚህ ዘሩ ሊዘራ ሲል በመርዝ ዱቄት ይታሻል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ይህን ያልኩት በኋላ ብዙ ማሳ አይቼ ነው። ነገር ግን በመርዝ የታሸ እህል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምግብ መሆኑ ቀርቷል። ዱቄቱ ውስጥ ቀይ ቀለም የሚጨመረው ለዚሁ ነው፤ ሰው አይቶ እንዲሸሸው።

የዘመቻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ፈለቀ ነበር። ከዚያ በፊት የመጸዳጃ ጉድጓድ ዘመቻ ሰብሳቢ ነበር፤ ከዚያም በፊት የዛፍ ተከላ ዘመቻ። ጉድጓዶቹን አይቻቸዋለሁ፤ ከከተማው ዳር በረድፍ ተቆፍረው፣ ቤትም ክዳንም ሳይሠራላቸው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ዛፎቹን አላየሁም። ሰውየው ራሱ ደረቱ ላይ የእስክሪብቶ ረድፍ የሰካ፣ ቆሞ ሲያወራ ተረከዙን የሚያነሣ ሰው ነበር። «ጓዲት ጋዜጠኛ፣ ታሪክ ልትመዘግቢ መጣሽ» ብሎ ጨበጠኝ። እጄን ይዞ ሳለ የሚያየው ካሜራውን ነበር።

አብሮት የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ግርማ ይባላል። ግርማ ሥራውን ያውቃል። የሚያውቀውን የሚናገረው ግን ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው፤ ከፈለቀ ፊት ደግሞ ፈቃድ አይገኝም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በገበያው ቀን፣ ከገበያው ራስ ላይ ከባሕር ዛፍ ግንድ መድረክ ተሠራ። ከመድረኩ ፊት የብረት ዘንግ የተሰካበት የነዳጅ በርሜል አለ፤ እህሉና ዱቄቱ ይገባበታል፣ ሁለት ሰው በእጀታው ያዞረዋል። የዱቄቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። በየጣሳው ላይ የራስ ቅልና የተጣመረ አጥንት ተሥሏል። ፈለቀ አይቶት ፊቱን አጨፈገገ።

«ይህ ምንድን ነው? ከላይ ለሚመጣ እንግዳ አጽም እናሳያለን?»

«ማስጠንቀቂያ ነው፣ ጓድ» አለ ግርማ። «ሰው እንዳይነካው።»

«ለሕዝቡ ሞራል አይመችም። ሸፍኑት።»

አንድ ሚሊሻ የመፈክር ወረቀት አምጥቶ በየራስ ቅሉ ላይ ለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ጣሳዎቹ የበዓል ስጦታ መሰሉ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ዘር አለመኖሩ ነው። ገበሬ ማኅበራቱ ዘራቸውን ይዘው እንዲመጡ ታዘው ነበር፤ የመጣው ግን የበርሜሉን ሆድ አይሞላም። ሰዉ ደብቋል። ከዚያ ክፉ ቀን በኋላ ጎተራ ውስጥ ያለ ዘር የሚዘራ ብቻ አልነበረም፤ ዝናቡ ከቀረ የሚበላ የመጨረሻ እህል ነው። ዝናቡ ሳይረጋገጥ መርዝ አስቀብቶ ለራሱ እርም የሚያደርግ ሰው አልተገኘም። ፈለቀ ደግሞ ለእንግዳው ክምር አሳያለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየና ዓይኑ ገበያው ላይ ዐረፈ። ሴቶች አቁማዳ አዝለው፣ አህዮች ጆንያ ተጭነው፣ ከከላላ በኩል ደግሞ በቅሎ የያዙ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

«ያ የተጫነው ምንድን ነው?»

«እህል ነው» አለ ግርማ። «የገበያተኛ።»

«እህል ሁሉ ዘር ነው።»

«የሚበላ እህል ነው እኮ ጓድ። ሸምተው ወደ ቤታቸው…»

«ጓድ ግርማ፣ ያንን ገብስ መሬት ላይ ብጥለው ይበቅላል አይበቅልም?»

«ይበቅላል።»

«እንግዲያው ዘር ነው።»

«እርስዎ እንዳሉት» አለ ግርማ።

ይህን ጆሮዬ ሰምቷል። ሚሊሻዎች የገበያውን በሮች ያዙ። ገብስም ስንዴም የያዘ ሁሉ፣ ገባም ወጣም፣ ወደ በርሜሉ ተነዳ። «ታክሞ ይመለስላችኋል» ይባላል። አንዳንዱ የታሸውን ተቀብሎ እየተራገመ ወደ አገሩ ሄደ፤ የቀረው ክምሩ አጠገብ እንዲቆም ታዘዘ። ሰዓቱ እየረፈደ ሲሄድ ክምሩ እንደ ሸክላ አፈር ቀላ። በርሜሉን የሚያዞሩት ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል።

ከቆሙት መካከል ሰዓዳ የምትባል ሴት ነበረች። በከላላ መንገድ ካለ ቀበሌ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የመጣች ነች። ባሏ በክፉው ዘመን ሞቷል፤ ልጆቿን ይዛ ቀርታለች። ፍየሎቿን ሸጣ ገብስ ሸምታ፣ ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል በሩ ላይ ያዟት። ክረምቱን ከልጆቿ ጋር የምትሻገርበት እህል ያ ብቻ ነበር። ሌላ የሚሸጥ ፍየል የላትም። አሁን እህሉ አቁማዳዋ ውስጥ ቀልቶ ፊቷ ተቀምጧል። እስክሪብቶ መያዜን አይታ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ይበላል?»

ግርማን ጠየቅሁት። ግራና ቀኝ አይቶ በሹክሹክታ «አይበላም» አለ።

«ቢታጠብስ?»

«ቢታጠብም።»

«ለምን አትነግራቸውም ታዲያ?»

«ጓድ ፈለቀ ራሳቸው በንግግራቸው ይገልጹታል።»

ለሰዓዳ የሰማሁትን ነገርኳት። አላለቀሰችም። አቁማዳዋን አጥብቃ አሰረችና ቁጭ አለችበት።

እንግዳው እጅግ ዘግይቶ በላንድሮቨር መጣ። ሻለቃ ነበር፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ አቧራ ጠጥቷል፣ ምሳ አልበላም። ምሳ አለመብላቱን የማውቀው መድረኩ ላይ እንደተቀመጠ ስለጠየቀ ነው። ፈለቀ ግን ንግግሩን ጀመረ። ስለ ተባይ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ጠላት ብዙ ተናገረ። ከቆሙት መካከል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጓድ፣ ይህ የቀላው እህላችን ይበላል ወይስ አይበላም? እሱን ብቻ ይንገሩን።»

ፈለቀ ሻለቃውን አየ፤ ክምሩን አየ። የሚበላ እህል መርዤአለሁ ማለት በዚያ ሰዓት አይቻልም። ወይም ይቻላል፤ እሱ ግን አልቻለም። «ይህ የታከመ እህል ተባይን እንጂ ሰውን አይነካም» አለ። «የፈለገ ይዘራዋል፣ የፈለገ ይበላዋል።»

«እንደሱ ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ትሉ ሲበላው ይሞታል፣ እኛ ስንበላው እንወፍራለን ማለት ነው።»

«ሰውና ትል አንድ ነው እንዴ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ። እርስዎ ያውቃሉ እንጂ።»

ሰው ሳቀ። ሰዓዳ አልሳቀችም። ከአቁማዳዋ አንድ እፍኝ ዘግና፣ አጠገባችን ወዳለችው ሻይ ሻጭ ሄደችና የብረት ምጣዷን ተዋሰች። ወዲያው የተቆላ ገብስ ሽታ መጣ፤ ከሽታው ሥር የጋለ ቆርቆሮ የሚመስል ነገር ነበረበት። በሰፌድ ይዛ ወደ መድረኩ ስትወጣ ሚሊሻዎቹ ለእንግዳው መስተንግዶ መስሏቸው አሳለፏት። ሻለቃው ቆሎ ሲያይ ፊቱ በራ፤ እጁን ዘረጋ። ሰፌዱን ወደ ኋላ ሳበች።

«ይቆዩ ጌታዬ። ደጋሹ ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም።»

በዚያ አገር ጠላ የሚቀዳም ሆነ ቆሎ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል። ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው።

«ደጋሹ አንቺ አይደለሽ?» አላት ሻለቃው።

«እህሉማ የኔ ነበር። ዛሬ ጠዋት በግድ የጓድ ሆነ። ያቀሉትም እሳቸው፣ ይበላል ያሉትም እሳቸው። ደጋሹ እሳቸው ናቸው።»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ መድረኩ ተጠጋ። አህያ እንኳ ያናፋ አይመስለኝም፤ ይህን ግን በእርግጠኝነት አልጽፍም። ሻለቃው ሰፌዱን ትኩር ብሎ አየ፤ ከዚያ ቀዩን ክምር፤ ከዚያ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ጣሳዎች። ያሰበውን አላውቅም። የተናገረውን ግን ጽፌዋለሁ።

«እውነቷን ነው። ጓድ ፈለቀ፣ ቅመስልኝ።»

ፈለቀ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጥቂት ፍሬ አነሣ። «ዝገን እንጂ» አለው ሻለቃው። ዘገነ። አፉ ውስጥ ከተተው። ካሜራዬን ይዤ ከፊቱ ስለቆምኩ መንጋጋውን በደንብ አየዋለሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። ቆሎው ወደ ግራ ጉንጩ ሄደና እዚያ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?»

«እምም» አለ ፈለቀ።

«ይጣፍጣል?»

«እምም።»

የፕሮግራሙ መሪ ነገሩ አልገባውም ነበር። ቀጣዩ ተራ መፈክር ስለነበር «ጓድ ፈለቀ መፈክር ያሰማሉ» ብሎ ድምፅ ማጉያውን አፉ ሥር ደቀነለት። ሰውየው ሊተፋ አይችልም፤ ሊውጥ አይደፍርም። ግራ እጁን ጨብጦ አነሣና ከንፈሩን ሳይከፍት በአፍንጫው የሆነ ነገር አለ። ካሜራውን የተጫንኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሕዝቡ ግን በደንብ እንደሰማ ሁሉ እጁን አንሥቶ መለሰለት። በዚያ ዘመን መፈክር ለመመለስ መስማት አያስፈልግም ነበር።

ከመድረኩ እንደወረደ ከመኪናው ኋላ ሮጠ። ተከተልኩት፤ ሥራዬ ነው። ሁሉንም ተፋው። ምላሱን በመሐረብ ጠረገ፣ በጣቱ ፋቀ። ግርማ ከሻይ ሻጯ ወተት አመጣለትና ካኪው ላይ እየፈሰሰ ጠጣ።

«እሞታለሁ?»

«ውጠዋል?»

«አልዋጥኩም።»

«እንግዲያው ምንም አይሆኑም።»

ሰዓዳ ሰፌዷን ይዛ መጥታ ቆማለች። «ይበላል ብለው የለ?» አለችው። አፉን እንደገና በመሐረቡ ጠረገ። ከኋላዋ ሻለቃው ደረሰ። መሬት ላይ የተተፋውን ቀይ ቆሎ አይቶ «ኮሚቴው መጋዘን ውስጥ ለራሱ ቀለብ ያስቀመጠው ገብስ አለው አይደለም? የዚህችን ሴት እህል ቀይሩላት» አለ።

«የሷን ብቻ ነው?» አለ ግርማ። በዚያን ቀን በእንግዳው ፊት ሳይጠየቅ የተናገረው ብቸኛው ነገር ይህ ነው።

ሻለቃው የቆሙትን አየና «የሁሉንም» አለ። ከዚያ ምሳ ወደተዘጋጀበት ቤት ሄደ።

መጋዘኑ ተከፈተ። ቀዩ እህል ከከተማው ዳር ወዳሉት ጉድጓዶች ተደፍቶ አፈር ተመለሰበት፤ የመጸዳጃ ዘመቻው ጉድጓዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋሉ። እህላቸውን ይዘው ቀድመው ለሄዱት ሰዎች ሚሊሻዎች በበቅሎ ተልከው በየመንገዱ እንዲያስጠነቅቁ ተደረገ። ግርማም አብሮ ሄዷል። ሁሉንም እንደደረሱባቸው ጠይቄ ማረጋገጥ አልቻልኩም። «ደርሰናል» የሚል ሰው ነበር፤ እሱም ፈለቀ ነው።

ሰዓዳ አቁማዳዋን በምንጭ ውኃ ደጋግማ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ገልብጣ ካደረቀች በኋላ ነው አዲሱን ገብስ ያስገባችበት። ከመሄዷ በፊት ጥቂት ፍሬ ጥሬውን አኝካ ዋጠች፤ ከዚያ ከአቁማዳው ዘግና መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። «እንኪ፣ ለመንገድ» አለች። «አብሽሪ፣ ይህኛው ይበላል።»

ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩ። ጋዜጣው ላይ የወጣው ግን ፎቶው ብቻ ነው፤ ከሥሩ «ጓድ ፈለቀ በዘር ማከም ዘመቻ ላይ ለሕዝቡ ንግግር ሲያደርጉ» ይላል። ፈለቀ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ዘመቻ ተሰጠው፤ ከመካነ ሰላም የሰፋ።

ብዙ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲነሣ «አያውቁም ነበር» ይላል። አለማወቅ ይቅር የሚባልበት ቦታ አለ። የፈለቀን አለማወቅ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የሰዓዳ ልጆች ክረምቱን የሚሻገሩበትን እህል ይበላል ብሎ፣ እሱ ራሱ አንዲት ፍሬ አልዋጠም። ያንን ፎቶ ቆርጦ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ላይ መስቀሉ ደግሞ ከዚያ ቀን ይልቅ ይገርመኛል። በየማለዳው ሲያየው የሚታየው እጁ እንጂ ጉንጩ አልነበረም ማለት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ መምሸት ሲጀምር ልጅቷ ንፍሮ በሳህን ይዛ ተመለሰች። ጥያቄዋን አልረሳችውም።

«እትየ፣ አልነገሩኝም እኮ። ጥርሱን ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ገብስ ነው።»

ፎቶውን ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ከሳህኑ ጥቂት ስንዴ በመዳፏ አንሥታ ቀመሰችና ንፍሮውን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።